ሦስተኛዋ ደረጃ

ሐሙስ ማታ ማታ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣
በሎሚ ፈትጎ የእጁን የሰርዲን ሽታ፣
አባቴ ኦዜቢዮ ይሰየም ነበር ቶርካቶን ሊያይ፤
ያንን የቴሌቪዥን በረኛ፣ የሰው ሻንጣ ጌታ፣
ክራቫቱ የማይቀና፣ ሁልጊዜ የሚጣመም፣
ከሦስተኛዋ ደረጃ በየሳምንቱ የሚወድቅ፣
ተነስቶም ባርኔጣውን አንስቶ፣ ሳይራገም፣
«እንደምን አመሹ፣ እመቤቴ!» ሲላት
ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሲፈርስ በሳቅ።

አባቴ ግን አይስቅም።
«ልብ በይ» ይለኛል፣ «ደረጃዋን አልረገማትም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲከድን ኖሮ
የሴቱባል ፋብሪካ እሱን በወረቀት ከደነው።
መጣ። ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ቸንክሮ
ባርኔጣውን አነሳና «ጌታዬ፣ እንደምን አመሹ?» አለው።
እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቀረች።
ቤታችን የተቀዳ ሳቅ አልነበረውም።

እኔስ?
ፍቺዬ የተፈረመ ዕለት ከፍርድ ቤቱ ስወርድ
ሦስተኛዋ ጠለፈችኝ።
እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ፣
ባርኔጣ የለኝም።
በእርግጫ አልኳት።

አውራ ጣቴ አበጠ፣ ጫማዬ አፉን ከፈተ፤
እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ጠበቆች እየተራመዱኝ፣
ሳቅሁ፤
አባቴ ያልሳቀውን ሁሉ፣
የሐሙሶቹን ሁሉ።