ከመቶው አሥራ አምስቱ

ካዋጉቺ ሠፈር፣ ብረት በሚቀልጥበት፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር በሚንቀጠቀጥ ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ በበረዶ ማታ፣
አባቴ ከጎኔ፣ እጄ ላይ ጨዋታ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀኝ ክንዱን
በነጭ ፋሻ አስሮ፣ ሸሽጎ ጉዳቱን፣
በማያውቅ ግራ እጁ ሻይ ሲቀዳ ያፈሳል፤
አፍስሶ ያየኛል፣ አይቶኝ ፈገግ ይላል።

ከስክሪኑ ማዶ ግዙፍ አውሬ ቆሟል፤
ትከሻው ቋጥኝ ነው፣ ሲረግጥ ምድር ይርዳል።
የእኔዋ ትንሽ ናት፣ ጭራዋ የሻማ ክር፣
በአንድ ጡጫ ብቻ የምትሆን አፈር።

«ምቺው እንጂ ልጄ!» አለኝ ጠጋ ብሎ።
«አልመታም» አልኩና ነካሁት ቶሎ
ከአራቱ ምርጫዎች የመጨረሻውን፣
የክፍሌ ልጆች የሚስቁበትን።

ሰማያዊ ነበልባል፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
መንገድ እንደጠፋው እንግዳ በሌሊት
እየዋለለ ሄዶ፣ እየተንሳፈፈ፣
አውሬው ደረት ላይ ቀስ ብሎ አረፈ።
ፍንዳታ የለውም። አውሬው አልወደቀም።
የሕይወቱ መስመር በነጥብ አልቀነሰም።

«ታዲያ ምን አረገው?»
«አቃጠለው።»
«ቆሟል እኮ!»
«አይገድልም፣ አባዬ።
የክንዱን ጉልበት ነው ለሁለት የሚገምሰው።
ከዚያ በየተራው፣ ማንም እጅ ሳያነሳበት፣
ከዕድሜው ቆንጠር፣ ደግሞ ቆንጠር፣
ከጎረቤት ጨው እንደሚሰርቅ ሰው።»

አባቴ ዝም አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ኦኒቢ ነው» አለ ቆይቶ። «ያንን እሳት
እናቴ አይታዋለች፣ ሩዝ ማሳው ላይ፣ በዝናብ ሌሊት።
አይሞቅም፣ ትል ነበር፤ አያበስል፣ አያበራም፤
የተከተለው ሰው ግን ቤቱ አይገባም።»

እሱን ያገኘው ሰማያዊ አልነበረም።
ቀይ፣ ከቀይም አልፎ ነጭ። ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፤
የባልዲው እጀታ አንድ ጣት ታህል ተንሸራተተች።
ይህን ከእናቴ ነው የሰማሁት። እሱ አይነግረኝም።

«ይስታል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።
«አንዳንዴ። ከመቶው ሰማንያ አምስቱን ያገኛል፤
አሥራ አምስቱን ይስታል።»
«አሥራ አምስት…»
ግራ እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ፤ አምስት።
ጨበጠ፣ ዘረጋ። ጨበጠ፣ ዘረጋ።
በዚያ አሥራ አምስት ውስጥ የትኛውን ማክሰኞ
ይፈልግ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

«መድኃኒትስ የለው?»
«አለው እንጂ! ፍሬ፤ መራራ፣ አረንጓዴ፤
አውሬው ከነከሰው ይድናል በአንዴ።»
«የት ነው የሚበቅለው?»
«ከድልድዩ አጠገብ፣ ውሃ ካጠጡት።»
ሳቀ። ክንዱ ስላመመው
ግማሹን ሳቀ።

አውሬው በጡጫ መጣ፤ ጡጫው እንደ ትራስ፣
ሻማዬን ገፋት እንጂ አልቻለም ሊያፈርስ።
ፎከርኩ። ገና ፎክሬ ሳልጨርስ
አውሬው እጁን ጣለ። አፉን ከፈተ።
ጮኸ። ድምፁ ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለም፤
እሳቱ ክንድ እንጂ ጉሮሮ አይበላም።
የሻማዬ ክር ጠፋ። ተሸነፍኩ።

እኔ ላለቅስ ስል አባቴ ብድግ አለ፤
«ድምፁን አልነካውም!» አለ፣ «አየሽ?
ድምፁን እኮ አልነካውም!»
ያሸነፈው እሱ ይመስል።

የቼሪው አበባ ሲረግፍ ወደ ማቅለጫው ተመለሰ።
ባልዲውን የሚይዘው አሁን ሶሄይ ነው፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ።
አባቴ ከኋላው ቆሞ የብረቱን ቀለም ያነባል፤
«ቆይ… ቆይ… አሁን!»
ከትምህርት ቤት ስመለስ ያቺ «አሁን»
ከአጥሩ ውጭ ትደርሰኛለች፤
ሙሉ ናት፣ ስንጥቅ የላትም።

ማታ ግን ሸሚዙን ሲያወልቅ አያለሁ፤
በየተራው አንድ ቁንጥር።
ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቄ
ከድልድዩ አጠገብ የተከልኩትን
ባትሪው እስኪያልቅ ውሃ አጠጣለሁ።