ሰማያዊ አሥራ ሰባት

በረዶው ሳይፈታ፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣
አት-ባሺ ሸለቆ፣ ከጋጣው በር ክልል፣
ስድሳ ግልገል ቆሞ እናቱን ይጣራል።
ግማሹ በጆሮው ቀይ ቁጥር ይዟል፣
ግማሹ ሰማያዊ፤
ብርዱ ግን ቀለም አይለይም፣ እኩል ይገርፋል።

ዶክተር ቡሩል መጣች፣ ጓንቷን አጥልቃ፣
ከሻንጣዋ መሐል ከረጢት ፈልቅቃ
ነጭ ዱቄት አሳየችኝ፣ ከጨው የላመ፤
«ቶክቶሱን፣ ይህ ነፍስ አለው፤ ተኛ እንጂ መች ከሰመ?
በዚህች በማንኪያ ጫፍ፣ ዓይንህ ባያየውም፣
የሀገራችን ሕዝብ ቢቆጠር አይተካከለውም።
ከግልገሉ አንጀት ገብቶ ቦታ ይይዛል፣
ክፉውን ተሕዋስ ከደጅ ያግዳል፣
ሣሩን አላልቶ ከሥጋ ያዋህዳል፤
ይህ የኛ ግምት ነው። እውነቱን ሚዛን ይናገራል።»

እኔ በልቤ ሳቅሁ።
ሚስቴ ጉልዛዳ እኮ፣ አይራን በቀዳች ቁጥር፣
ከሥሩ ታስቀራለች፣ የነገውን እንዲያስጀምር።
እርሾ ነው ይሄማ! ስሙን አሳምረው፣
ከረጢት አልብሰው፣ በዋጋ አሽገው።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ለቀዮቹ ጧት ጧት
ከመኖው ለውሰን እንሰጣለን ዱቄት፤
ለሰማያዊዎቹ መኖ ብቻ፣ ምንም የሌለበት።
«ልዩነቱ እንዲታይ» አለች፣ «አደራህን፣
አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዳታስት እጅህን።»

አደራ ከባድ ቃል ናት።

አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ባለሰማያዊ ጆሮ፣
መንታ ነበር፤ ወንድሙ ሞቷል አስቀድሞ፣ ድሮ።
እናቱ ጡቷ ደርቆ በግንባሯ ትገፋዋለች፤
ጭራው ረጥቦ፣ ጉልበቱ ተብረክርኮ፣ ዓይኑ ብቻ ቀረች።
ስድስት ኪሎ።
አምስት ከሰባት መቶ።
አምስት ተኩል።
ቁጥሩ ሲወርድ ጻፍሁ፣ እስክሪብቶዬ ሲዝል።
የእሱ አንጀት ሲፈታ፣ የኔን አንጀት በላው።

ስሜ ቶክቶሱን ነው፤ በኛ ቋንቋ «ይቁም» ነው።
ከእኔ በፊት ሦስት ተወልደው፣ አንዱም ዓመት አልሞላው፤
አባቴ በአራተኛው ሞትን እንዲህ ለመነው።
ስሜን የጠራ ሁሉ፣ በገበያም በመንገድም፣
ሳያውቅ ይጸልይልኛል፤ እኔም አቤት ስል አልታክትም።

ታዲያ በዚያ ሌሊት፣ ነፋሱ ሲያፏጭ በጣሪያ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ አልፌ የመኖውን ማቆሪያ፣
ከቀዮቹ ከረጢት፣ በጥፍሬ ልክ ብቻ፣
ዱቄቱን ቆነጠርሁ፤ ምንስ አለው ሌባ መመኪያ፣ መቻቻ?
በለብታ ወተት በጥብጬ በጣቴ አላስሁት፣
«ይቁም» አልሁ በጆሮው፤ ስሜን አዋስሁት።
አሥራ አንድ ሌሊት።

ሳይሞት ቀረ።
ዱቄቱ ይሁን፣ ወተቱ፣ ወይስ የጣቴ ሙቀት፣
እኔ አላውቅም። ይህን የሚያውቅ መዝገብም የለበት።

በስድሳኛው ቀን ቡሩል፣ ከሠንጠረዡ ፊት፣
ቅንድቧን ሰበሰበች። «ሰማያዊ አሥራ ሰባት?»
አንገቴን ደፋሁ። «እጄ ነው» አልሁ፤ «ሌሊት ሌሊት።»

ዝም አለች። ነፋሱ ገጹን ገለበጠው፣ መለሰችው፤
ማስመሪያ አስደግፋ ያን መስመር ሰረዘችው፤
ከዳር፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ከቁጥር ውጭ» ብላ ጻፈችው።
ብትቆጣኝ በተሻለኝ።
ቀዮቹ በርግጥ በልጠዋል፤ በስንት እንደሆነ ግን
አንድ በግ ጎድሎት ነው የሚነገር ለዓለም አሁን።

ከዚያ ጎንበስ አለች፣ ጓንቷን አውልቃ ጥላ፣
በባዶ እጇ አነሳችው፣ መዝገቧን ከብብቷ አውላ፣
ሚዛኑ ላይ አቆመችው።
«አሥራ ዘጠኝ ተኩል!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።
የጻፈ ማንም የለም።
እሱ ግን ዘሎ ወረደ፤ ሄደ፣ ወደ መንጋ።