የቀትር ልክ

በአልበርታ ሰሜን፣ ከማማው እግር ስር፣
የነጩ ሳጥን በር
ሠላሳ አንድ በጋ በእጄ ይከፈት ነበር።
በእጅ ሰዓቴ ሰባት፣ በፀሐይዋ ስድስት፣ ከአናቴ ላይ ስትቆም፣
ትንኝ ቢወረኝም፣ ድብ ደጄ ቢያድርም፣ ቀርቼ አላውቅም።
ደረቁን ቴርሞሜትር፣ እርጥቡን አነባለሁ፣
የዝናቡን ውሃ በዘንግ እለካለሁ፣
ንፋሱን ጨምሬ በሬዲዮ እጠራለሁ።
ከከተማው ቢሮ ኦስመንድ ይቀበላል፣
«ልክ ነው፣ ኢርማ» ይላል።
የዕለቱ አደጋ ከዚያች ከአንዲት ቀትር ይሰላል።

ጫካ ሦስት ዓይነት የማስታወስ ልብ አለው፤
ላይኛው፣ የጥድ ቅጠል፣ ቶሎ የሚረሳው፣
ዘንቦበት እንደ ነበር በማግስቱ ይክዳል፤
መካከሉ፣ ብስባሹ፣ ሁለት ሳምንት ያስባል፤
ከስር ያለው አፈር ግን ቂመኛ ነው፣ ቂመኛ፣
የአምናን ድርቅ ታቅፎ በበረዶ ስር የሚተኛ።

እኛም ከትናንቱ ቁጥር የዛሬውን ወልደን፣
እሳት ማታ ይተኛል ብለን፣ አብረነው ተኛን።
እውነትም ይተኛ ነበር። ጤዛ ይወርድ ነበር፣
ጭሱ ሸለቆው ውስጥ፣ እንደ ጠገበ ጎሽ፣ ይጋደም ነበር።
ሌሊቶቹ ግን እያደር ሞቁ፤
እኛ ቀትር ቀትሩን ስናይ፣ በጀርባችን ደረቁ።

የዚያን ሰኔ ማክሰኞ በእጄ የጻፍኩት፣
እርጥበት አርባ አንድ፣ ንፋስ ስምንት።
ከረግረጉ ወዲያ መብረቅ የለኮሰው ትንሽ ጭስ አለ፤
የመንገድ ዳሩ ቀስት ቢጫው ላይ ዋለ።
ጤዛ አልመጣም።
ከሌሊቱ ስምንት ላይ ንፋስ ከደቡብ ተነሣ፣ ማንም ሳይጠራው፤
እሳቱ የዋፑን ወንዝ በአንድ ዝላይ ተሻገረው።
የጉናር ድርቆሽ ቤት፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣
አሥራ አንድ ቤት።
ሰው ተረፈ። የታሰረ ውሻ አልተረፈም።

ሊጠይቁኝ መጡ፣ መዝገቤን ገለጡ፣
ስህተት ግን አላወጡ።
የለካሁት ልክ ነበር፤
ልኩ ነው ልክ ያልነበር።

ዘንድሮ በግንቦት ሬይና ካርዲናል መጣች፣
ምሰሶ ተከለች፣ የፀሐይ ሳህን ሰቀለች።
ከአሥራ አንዱ አንዱ የአጎቷ ቤት ነው፤
እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አላነሣችው።
«ቀትርሽን አልሰርዛትም» አለችኝ ብሎን እያጠበቀች፣
«ሃያ ሦስት እህቶች እጨምርላታለሁ።
አንድ በጋ ብቻ ጎን ለጎን ጻፊልን፤
ያንቺ ከማሽኑ ስንት እንደሚርቅ እንይ።»

ትናንት ሌሊት ስምንት ሲሆን ነቃሁ።
በግንባር ባትሪ ወረድኩ፣ ዘጠና አራት ደረጃ፣
ጉልበቴ እያንዳንዱን እየቆጠረ።
ሣሩን በመዳፌ ዳበስኩት፤ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ይንኮሻኮሻል።
ሳጥኑን ከፈትኩ፤
እርጥበት ሠላሳ ሦስት፣ በድቅድቅ ጨለማ።

ማሽኑ ቀድሞኛል፤ ለክቶ፣ ልኳል።
ኦስመንድም ጡረታ ወጥቷል፣
«ልክ ነው» የሚል ድምፅ የለም።
መዝገቤም ሲታተም ለቀን አንድ መስመር ነው የተሰመረለት፣
ለሌሊት ቦታ የለውም፤
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ አጋድሜ፣
እርሳሴ እስኪደንዝ ተጭኜ።