ሌሊት ስምንት ሰዓት

ማራገቢያ ነጋዴ ነኝ፣ ድሬ ላይ፣ ከዚራ፤
ማስታወቂያ ገዛሁ ለቀትር፣ ሙቀቱ ሲያጓራ።
«አርባ ሰው ገጼን ጎበኘ!» ብዬ ስፎክር፣
የእህቴ ልጅ ኢፍቱ ገባች ከቁጥሩ ሥር፤
«ሠላሳ ስድስቱ፣ አጎቴ፣ ያንተው ስልክ ነው» አለች፤
የቀሩትን አራቱን ይዛ ሰዓት ሰዓታቸውን ለቀመች።

አራቱም ሌሊት ስምንት ሰዓት።
አራቱም ትንሿን፣ ነጯን፣ ከፍተው ቆይተው፣
ዋጋዋ ጋ ሲደርሱ ወጥተው።

ቀትርማ ጥላ አለው፣ ጫት አለው፣ ጨዋታ አለው፤
ሌሊት ግን ቆርቆሮው የጠጣውን ፀሐይ ሲመልሰው
ማን ይተኛል?

የቀትሩን ብር ለሌሊት አዞርኩት፣
ዋጋዋንም ለሦስት ወር ከፋፈልኩት።
በአምስተኛው ሌሊት ጥሪ፦ «ትንሿ... አለች ወይ?»
ከድምፁ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል።
«አለች» አልኩ፤
የመጨረሻዋን ከራስጌዬ ነቀልኳት።