ሰረዝ

ጠባሴ ነው ቤቴ፣ ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ ማዶ፣
ነፋስ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ባዶ።
ጋቢ ደርቤ፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ፣
ለሆስፒታሉ መዝገብ ሰው እፈጥራለሁ።

አሥር ሺህ ሰው ታዘዝሁ፤ ያልተወለደ፣ ያልሞተ፣
ዕድሜ ያለው፣ ቀበሌ ያለው፣ ካርዱም የተከተተ፤
እውነተኛው በሽተኛ መጥቶ ሳይጉላላ፣
መዝገቡ በውሸት ሰው ይታጠን፣ እንደ ጋን ለጠላ።

ከአዲስ አበባ አለቃዬ ደውሎ
«ጥምር ስም እንዳትረሺ፣ ባለ ሰረዝ» ብሎ፣
የፈረንጅ ናሙና ላከልኝ፤ የባልና የሚስት ቤት
በአንዲት አጭር ጭረት የተሰፋበት።

ሳቅሁ። የእኛ ሰው ሲጋባ ስም አይሰፋም፣
ሴት ያባቷን ይዛ ትገባለች፣ ባሏም አይከፋም።
የእኛ ጥምር ስም ሌላ ነው፤ ክርስትና ያጋጠመው፣
አገልጋዩን ከጌታው፣ ልጁን ከታቦቱ ጋር ያቆመው።
«ገብረ» ብለህ ብታቆም፣ የማን አገልጋይ ነው ሰውየው?
«ወለተ» ብለህ ብትተዋት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ማን አየው?

ሁለት ዝርዝር ጻፍሁ። በግራ ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣
በቀኝ ጻድቅ፣ ሐና፣ ሚካኤል፣ ድንግል፣ ሌላም ሌላም ያለ።
ያለ አማላጅ፣ ያለ ጥሎሽ፣ ማሽኑ ያጋባቸዋል፣
አንዳንዴም ከአባት ስም ሲገጥም ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤
ይታገሡ ቸኮል፣ ዕድሜው ሰባ፣ ከመሐል ሜዳ፣
አይጠገብ በቃኝ፣ ከሰላድንጋይ የመጣች እንግዳ።
ወልደ ገብረ የሚሉት አንድ ምስኪን፣ የአገልጋይ ልጅ፣ ባለቤት የለው፣
ጌታውን ማሽኑ ዘለለው።
ወለተ ጻድቅን ደግሞ ወንድ ብሎ አደረጋት፣
ለፕሮስቴት ምርመራ ማክሰኞ ቀጠራት።

አባቴ ወልደ ሐና ነበር፤ የደነባ ሰው፣
ሠላሳ ዓመት የፋብሪካው ሱፍ ብናኝ ሳንባውን የጨረሰው።
የቅጥር ቅጹ ሳጥን ጠባብ ነው፤ ጸሐፊው «ወልደ» ብሎ አቆመ፣
ጡረታው ሲደርስ በመታወቂያው «ወልደሐና» ሆኖ ቆመ።
አንዱ ሰው ሁለት ሆነ። አንዱ ሠርቶ ጉልበቱ አለፈ፣
አንዱ ማኅተም ሊለምን በየቢሮው ደጅ ተሰለፈ።
«ሐና የታለች?» ቢሉት፣ «እቤት ናት» አለ፣ ሲቀልድ።
እኔ አልሳቅሁም፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ፣ የወልደ ልጅ።

ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሰብስቦ ሰጠኝ።
ረድፍ አራት ሺህ አሥራ ሰባት።
ወልደ ሐና። ጾታ፣ ሴት። ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት።
ሳል፣ የለም። ትኩሳት፣ የለም። አድራሻ፣ ደነባ።
በጋቢዬ ጫፍ ስክሪኑን ጠረግሁ፤ ጉም መስሎኝ ነበር፣ እንባ።
በሁለቱ ቃል መሃል ክፍተት አለች፣ ነፋስ የምታስገባ።

አለቃዬ ያለኝን ሰረዝ ያን ጊዜ ፈለግሁት፣
የብርድ ልብስ ጫፍ እንደሚዘመዘም፣ በመሃላቸው አስገባሁት፤
ወልደ-ሐና። ከእንግዲህ አይለያዩም፣ ሳጥኑ ቢጠብም።
አውቃለሁ፣ በአማርኛ ስም እንዲህ አይዘመዘምም።

ዓርብ ዕለት ሶፍትዌሩ ፈተናውን አለፈ፤
«የሙከራው ሰው ሁሉ ይሰረዝ» የሚል መልእክት ተጻፈ።
ሰረዝ እና መሰረዝ! አንድ ቤት ማን አሳደጋቸው?
የሰፋችውን እኅቷ ትቀድ ዘንድ ማን አዘዛቸው?

ቁልፏን ተጫንሁ። ይታገሡ አልታገሠም፣ አይጠገብም በቃት፣
ወለተ ጻድቅ ከቀጠሮዋ ቀረች፣ ማንም ሳይጠራት።
አሥር ሺህ ሰው ባንድ ትንፋሽ፤ ድንኳን የለ፣ እድር የለ፤
ረድፍ አራት ሺህ አሥራ ሰባትም ከነሰረዙ ተነቀለ።

«ስንት ቀረ?» አለኝ አለቃዬ። «ዜሮ» አልሁት።
የስሙን ሳጥን ግን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አስፍቼ ተውሁት፤
ስልሳ ፊደል ይይዛል፣ ባዶ ቦታም አይጠላም፤
ሰኞ ከደነባ የሚመጣ ሰው፣ ሐናን ደጅ ጥሎ አይገባም።