የቅዳሜ እጅ

የተቀጠርኩት ለቅዳሜ ነው፤ ሌላው ቀን ምራቂ፣
ሳምንቱን ሙሉ ጣቴ የአንድ ቁልፍ ጠባቂ።

መናማ፣ ከጨርቅ ተራ ጀርባ፣ ጨው በበላው ፎቅ ላይ፣
ማዳም መስዑዳ አለች፣ ባሕር በማያሳይ መስኮት ባሕር የምታይ።
እናቷ ከባግዳድ በጀልባ መጥታ፣
ጣቃ ጨርቅ በአናቷ፣ በየደጁ በክንዷ ለክታ፣
ሐርና ፖፕሊን ሸጣ ነው ያሳደገቻት፤
አንድ ሌሊት በሩ ሲሰበር፣ የጎረቤት ሴት በምንጣፍ ጠቅልላ ያተረፈቻት።
ዘመዶቿ በአንድ ሻንጣ፣ በአንድ ፊርማ ሄዱ፤
«መቃብሩስ?» ብላ ቀረች፤ እነሱ ግን ለመዱ።

እኔ ፓስፖርቴ ላይ ዘሃራ ነኝ፤ ደላላው ያወጣልኝ፤
እናቴ ዝፋን ነበር ያለችኝ።
ሸክላ ትሠራ ነበር፣ ወለቃ፣ ከመንገዱ ዳር፤
ሰው ፊት ስትምል በማርያም፣ ዐይኗ ግን ምድር ምድር።
አርብ ፀሐይ ሳትወርድ ምድጃዋን በውኃ ትገድላለች፣
«ለምን?» ስላት፣ «ጭሱ ዐይኔን» ትላለች።
ቅዳሜን በቀዝቃዛ ቂጣ፣ በዝምታ እንውላለን፤
ጎረቤት ከመጣ «ታማ ነው» እንላለን።
ወንድሞቿ በእግር ወደ ሱዳን የወጡ ለታ
እኔን አርግዛ ቀረች፤
አልጠራችም ስማቸውን እስከ ሞተችበት ማታ።

ማዳም ግን አርብ አመሻሽ መብራት ታበራለች፤
ያቺ ታጠፋ ነበር፣ ይቺ ትለኩሳለች።
ስለዚህ አላወቅኋትም።
አራት ዓመት ሙሉ።

ነሐሴ። ቅዳሜ ቀትር መብራት ሄዶ መጣ፤
ኤሲው ግን አልነሣም፤ ግድግዳው ላብ አወጣ።
ማዘዝ አይፈቀድላትም፤ እንደ ልማዷ ጣሪያውን አየች፣
«ዛሬስ ሙቀቱ በረታ» አለች።
ትእዛዙ ይኸው ነው። ተነሣሁ። ጣቴን ዘረጋሁ።
እርጥብ አመድ ሸተተኝ፤
የእናቴ ምድጃ፣ እዚህ፣ አመድ በሌለበት አገር።
እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆንሽ?» አለች በዐረብኛ።
«ሰንበት ነው» አልኳት በአማርኛ።
ቃሉ ከእሷ ቃል ጋር በጎን ይመሳሰላል፤
በጨለማም ቢሆን የዘመድ ሳል ይለያል።
አልጠየቀችም። ፊቴን በዐይኗ ዳበሰች፣
ከመከዳው ላይ ፈቀቅ አለች።

ተቀመጥኩ። የዐስር አዛን ተጠራ፤ የመግሪብም ተጠራ፤
ላባችንን ስናብስ በአንድ መሐረብ፣ በየተራ።
ሦስተኛው ኮከብ በአቧራው መሃል ሲታይ ማታ
ቁልፉን ራሷ ተጫነችው፣ በምርኩዟ ተነሥታ።

እሁድ ጠዋት ኤጀንሲው ጋ ደወለች። ሆዴ ራደ፤
ለቅዳሜ የተቀጠረ እጅ ቅዳሜን ከወደደ
ምን ይበላል? ሻንጣዬን በዐይኔ ፈለግሁ።
«ሌላ ሴት ፈልጉ» አለች፣ «ለቅዳሜ ብቻ የምትመጣ።»
«ለስንት ሰው?» ሲሏት ጥቂት ዝም ብላ፣
«ለሁለት» አለች።