ሲጫን የሚናገር

ባዶ በርሜል ጮኸ፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
የኔ መኪና ግን ባዶውን ጭጭ ነው።
ያይዳሆን ድንች አርባ ሺህ ፓውንድ ጭኖ
ዳገቱን ሲጀምር፣ ከወለሉ ሆኖ
ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፤
የለማኝ ጣሳ ይመስል።

የጭስ ማውጫ ማሰሪያ ሁለቴ ገዛሁና
ሁለቴም ጸጥ አለ፤ ሜዳ ነበርና።

ሮሊንስ ላይ፣ ነፋሱ በር በሚነቅልበት፣
ዴልበርት የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣
እጀታውን ጆሮው ላይ ተክሎ
አዳመጠ፣ እንደ ንስሐ አባት።
«ምንም አይል» አለ።
አፈርኩ፣
የታመመ ልጁ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ
መሳቅ እንደጀመረበት ሰው።

ቆይቶ ቀና አለና
«ፍሬን ያዝ። ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ስጠው።»
ሰጠሁት።
ሞተሩ ቀንበር እንደከበደው በሬ
ባንድ ጎኑ ጋደለ፤
ቱቦው ሻንሲውን ነካ፤
ቅጭል አለ።

ለካ የጮኸው አልነበረም የታመመው፤
ከሥር፣ ድምፁን አጥፍቶ ያለቀው
የሞተሩ ሱፖርት ጎማ ነው።

አራት መቶ ሃያ ዶላር ከፍዬ
ዳገቱን ያዝኩት፣ ሬዲዮ ዘግቼ።
ዝም።
እስከ ላራሚ አላመንኩትም፤
ጆሮዬ እግሬ ሥር ወርዶ
ነው የተጓዘው።